ያልታጠበው ጋቢ

የወይንሐረግ ትባላለች፣ መጋረጃ ሰፊ ናት። ዓለም ገና ላይ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ አዲስ ቤት የሠራ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች፣ መስኮቱን ትለካለች፣ "ጨርቁ የመስኮቱን እጥፍ ካልሆነ አንሶላ ነው እንጂ መጋረጃ አይደለም" ትላለች። ባለቤቱ ቢከራከርም ባይከራከርም እጥፉን ታስገዛዋለች። ቂርቆስ የነበረው የቀበሌ ቤቷ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣችው። ሁለት ክፍል ተከራየች፤ አንዱ መኖሪያዋ፣ ሌላው የስፌት መኪናዋና ጨርቋ ያለበት። ጨርቅ የሚያበላሽ ሁሉ ጠላቷ ነው። አቧራ፣ የጣሪያ ጠብታ፣ ዘይት የነካው የልጅ እጅ። ከሁሉም በላይ ግን ድመት።

ድመቱ የሚመጣው ደግሞ ከአከራይዋ ቤት ነበር።

አከራይዋ አዴ ደጊቱ ይባላሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከተጂ ጤፍና ስንዴ እያመጡ ግቢው ውስጥ ባለው መጋዘን ያከማቻሉ። አይጡ ሲያስቸግራቸው ሁለት ድመት አስገቡ። ኋላ ባልየው ሞቱ፣ ንግዱ ቆመ፣ መጋዘኑ ተከፋፍሎ የሚከራይ ክፍል ሆነ። ድመቶቹ ግን የትም አልሄዱም፣ ወለዱ። ወሬው ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ያልፈለገውን የድመት ግልገል በካርቶን እየከተተ በአጥሩ በኩል ይወረውርላቸው ጀመር። አዴ ደጊቱ አንድም ቀን "ይሄ የማን ነው?" ብለው አያውቁም። ቤታቸው እንዲህ እንዲህ እያለ የድመት ሆነ፤ ለሳቸው አንዲት አልጋ ቀረች፣ እሷንም ተጋርተው።

"አዴ፣ ይሄ ቤት እኮ ሊፈነዳ ነው" ትላቸዋለች የወይንሐረግ።

"መጀመሪያ እኔ ነኝ የምፈነዳው፣ ተረጋጊ" ይሏታል እየሳቁ።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ደጃፋቸው ላይ ተንሸራተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸው ገርባ አይሱዙ ይነዳል፤ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ተደውሎለት መጣ፤ ጭነቱን ሳያራግፍ ነው የደረሰው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ተሸክመው ጋቢና ውስጥ ሲያስገቧቸው አዴ የወይንሐረግን እጅ ያዙ።

"ጆንያ ውስጥ እንዳያስገቡብኝ" አሏት።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷታል። እዚህ አካባቢ ድመት የሚጣለው በጆንያ ነው። መንገዱን አይታ እንዳትመለስ የጆንያው አፍ ይታሰራል፣ ይዞራል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ይዘረገፋል። ለሰው እንኳ በስጦታ ስትሄድ በጆንያ ነው የምትሄደው።

"እሺ" አለች የወይንሐረግ።

ለታማሚ የሚባል እሺ ነበር፣ ልባቸው ይረጋ ብላ ያለችው። መኪናው ከግቢ ከወጣ በኋላ ግን ቃሉ ልብስ ላይ ተረስታ እንደቀረች መርፌ፣ ዞር ባለች ቁጥር ይወጋት ጀመር።

በማግስቱ አፍንጫዋን በሻሽ አስራ የአዴን ቤት ከፈተች። የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ቁምሳጥኑ ላይ፣ አልጋው ሥር፣ ባዶው የእህል በርሜል ውስጥ፣ የትም ድመት ነው። የአንዳንዱ ዓይን በምግል ተጣብቋል፣ የአንዳንዱ ጀርባ ጠጉሩ አልቆ ቆዳው ይታያል። ከፊሉ እየጮኸ እግሯ ሥር መጣ። ከፊሉ ደግሞ ሰው ሲያይ የሚገባበት ጠፍቶት እርስ በርሱ ተላተመ። የሚመግባቸው እጅ ያው አንድ ነበር፣ ከዚያ እጅ በቀር ሌላ አያውቁም።

ገርባ ደወለ።

"እህቴ፣ አንቺ ምን አደከመሽ? እናቴ ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርበትም፤ ለፋሲካ ቤቱን አጽድቼ አከራየዋለሁ። ጆንያ ሞልቷል፣ ወደ ተጂ ስወርድ ጣል አደርጋቸዋለሁ።"

"ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለእናትህ።"

መኪናው ሲጮህ ይሰማታል። "የሷን ቃል ማን ይችለዋል" አለ በመጨረሻ። "ይሁን። እስከ ፋሲካ ነው ታዲያ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።"

የወይንሐረግ ሥራ ስትይዝ ወሬ አታበዛም። መጀመሪያ ሚንሃን ጠራች፤ ሚንሃ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ናት፣ ቤቷ ሁለት አጥር አልፎ ነው። እሑድ መጥታ የታመመውን ዓይን አጠበች፣ ቅባት ሰጠች፣ ወንዶቹን ኮላሸች። የሚያዙትን ድመቶች ደግሞ የወይንሐረግ ለሰው ማደል ጀመረች። አንዷ ወፍጮ ቤት ገባች፣ አንዱ የዶሮ መኖ መሸጫ፣ ሁለቱ ሰበታ ፋብሪካ የሚጠብቅ ዘበኛ ዘንድ። ሁሉም ጆንያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሁሉንም ጆንያውን ከበር ታስጥለዋለች። ዘንቢል አዘጋጅታለች፤ አፉ ላይ የተረፈ ስስ መጋረጃ ሰፍታበታለች፣ ድመቷ ውጭውን እያየች እንድትሄድ።

"መንገዱን አይታ ብትመለስስ?" አላት ባለ ወፍጮው።

"ከተመለሰች ጥፋቱ ያንተ ነው። አጥግባት።"

የምታበላቸው ሳንባ ነበር። በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ዝግ ስለሆነ የሚገኘው ሐሰን ዘንድ ብቻ ነው። ሐሰን ሳንባውን በጥቁር ፌስታል ሲቋጥርላት ሳይቀልድባት አይለቃትም።

"የወይኔ፣ በሁዳዴ ሥጋ ቤቴን ያደመቅሽ ክርስቲያን አንቺ ነሽ።"

"ለድመት ነው አልኩህ።"

"እነሱ ለምን አይጾሙም ታዲያ?"

"ረመዳንን እየጠበቁ ነው።"

ሐሰን ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። ከሥጋ ቤቱ ስትወጣ ግን እትዬ ዕድላዊት በማዶ ሲያልፉ አየቻቸው። እትዬ ዕድላዊት የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ ናቸው። ፌስታሉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

መጨረሻ ላይ የቀሩት የማይያዙት አምስቱ ናቸው። ስትቀርብ የሚፉ፣ እጅ ሲያዩ ግድግዳ የሚቧጥጡ። እነዚህን የሚወስድ የለም፤ ካልለመዱ ዕጣቸው ጆንያው ነው። ስለዚህ ያላሰበችውን አደረገች፦ ጨርቋን ጠቅልላ መኝታዋ ላይ ከመረችና የስፌት ክፍሏን ለቀቀችላቸው።

እንግዳ ሊገባ ነውና እንደ ማንኛዋም ባለሙያ ሴት ክፍሉን አጠበችው። ወለሉን በበረኪና ፈተገች። ድመቶቹ ይተኙበት የነበረውን ብጥስጣሽ ብርድ ልብስ ከአዴ ቤት አውጥታ ቀቀለችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ ክፍሉ ሲሸት ሐኪም ቤት መሰለ። ከዚያ ሚንሃ በወፍራም ጓንት ይዛ አስገባችላት።

አምስቱም ምግብ አልነካ አሉ። ጥግ ጥጉን ሸኑ። አጠበችው። ያጠበችው ላይ መልሰው ሸኑ። በረኪናውን ጨመረች፣ እነሱም ጨመሩ። እንዲህ ስትፎካከራቸው ከርማ ጉልበቷ ሲያልቅ አዴ ደጊቱን ልትጠይቅ ሐኪም ቤት ሄደች።

አዴ ደጊቱ ከስተዋል። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል፣ ነርሶቹ እናስቀምጠው ቢሏቸው እምቢ ብለዋል።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ?"

"አለሁ። ልጆቼስ?"

ነገረቻቸው። አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ፣ ሕመሙ ሲነካቸው አቆሙ።

"በበረኪና?"

"ቆሽሾ ነበራ።"

"የኔ ልጅ፣ ቆሻሻው እኮ እኔ ነኝ። በዓይን የሚያውቁኝ መሰለሽ? በጠረኔ ነው። እኔን አጥበሽ አወጣሽባቸው።"

የወይንሐረግ ፊቷ ጋለ። "ምን ላድርግ?"

"ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ። አጠገባቸው ተቀመጭ፣ ዓይን ዓይናቸውን አትይ፤ ዓይን የሚያፈጥባቸው ሊይዛቸው የሚመጣ ብቻ ነው። ሌሎቹ ይለምዱሻል። ዳለቻ ናት የምታስቸግርሽ። እሷ ከኔ ጋቢ ሥር ሌላ ቦታ ተኝታ አታውቅም።" የጋቢያቸውን ጫፍ ጨበጡ። "ይሄንን አሁን አልሰጥሽም፣ ይበርደኛል። በሚመጣው ሳምንት ነይ፣ ገርባ ሌላ ያመጣልኛል፣ ያን ጊዜ ትወስጂላታለሽ።"

የወይንሐረግ ተመልሳ ጥቂት ጥቅል ጨርቅ መደርደሪያው ላይ መለሰችና የስፌት መኪናዋን ድመቶቹ መሀል ሥራ ላይ አዋለችው። መርገጫውን በቀስታ ነው የምትረግጠው። ስትሰፋ ታወራለች፤ ስለ ጨርቅ፣ ዘርፍ ይደረግልኝ ብላ ስለምትጨቀጭቅ ደንበኛዋ፣ ስለ ቂርቆስ። አታያቸውም። መጀመሪያ ቡኒዋ ወጣች፣ የመጋረጃው ጫፍ ሲንቀሳቀስ በእጇ መታችው። ቆይቶ ሁለቱ እግረ ነጮች የወይንሐረግ እጅ ላይ ያለውን ሳንባ ላሱ። ጆሮው የተቆረጠው ወንድ ከመኪናው ሥር መተኛት ጀመረ፣ ድምፁ ሲቆም ይነቃል። ተራ በተራ ተያዙ፣ ተራ በተራ በዘንቢሉ ወጡ።

ዳለቻ ቀረች። ያረጀች አመድማ ድመት ናት። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ከጨርቅ ጥቅል ኋላ ገብታ ግድግዳ ታያለች። ሳህኗ እንደተሞላ ያድራል፤ ብትቀምስም ለምልክት ያህል ነው። ኋላማ እሱንም ተወችው።

"ይቺ ትሞታለች" አለች ሚንሃ፣ መደርደሪያውን ካየችበት ወንበር ላይ ወርዳ። "ድመት እንደኛ ብዙ ቀን አትጾምም፣ ጉበቷ ይበላሻል። በግድ ላብላት ብል በድንጋጤ ነው የምገድላት። ጋቢውን አምጪ።"

የወይንሐረግ ሐኪም ቤት ለመሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ የገርባ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ከመኪናው የወረዱት ሰዎች ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አዴ ደጊቱ በማግስቱ ተቀበሩ። ድንኳን ተተከለ። ገርባ ከመቃብር እስከ ድንኳን፣ ከድንኳን እስከ መቃብር ያስተናግዳል፣ ወንበር ይሸከማል፣ እንግዳ ይሸኛል፣ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው። "አንጀቱ ድንጋይ ነው" ሲሉ ሰማቻቸው ሴቶቹን። "መንገድ ለመንገድ ኖሮ ሰውነቱን ረስቶታል።"

ሠልስቱ በወጣ ማግስት የእድሩ ሴቶች የሟችን ልብስ ሊያጥቡ ተሰበሰቡ። የሰፈሩ ወግ ነው፤ ልብሱ ታጥቦና ተጣጥፎ ለነዳያን ይሰጣል። እትዬ ዕድላዊት እጅጌያቸውን ሰብስበው ሳፋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሐኪም ቤት የመጣው ፌስታል ተፈታ፣ ከውስጡ ጋቢው ወጣ።

የወይንሐረግ ሰዉ መሀል ገባች።

"እትዬ ዕድላዊት፣ ይሄን ጋቢ ይተዉልኝ።"

"ምን ሊሠራልሽ?"

"ሳይታጠብ እፈልገዋለሁ።"

ልብስ የሚያሹት እጆች ሁሉ ቆሙ።

"የሟች ልብስ? ከነላቡ?"

"ለድመቷ ነው። ጌታዬን፣ ለድመቷ ነው። ካላሸተተችው አትበላም።"

አንዷ ከኋላ ሳቀች፣ አብሯት የሚስቅ ስታጣ አቆመች። ያልታጠበ የሟች ልብስ የሚፈልግ ሰው የት ይዞት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ጠንቋይ ቤት ነው።

እትዬ ዕድላዊት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቢጮኹ ይሻል ነበር። "በጾም በጥቁር ፌስታል ሥጋ ይዘሽ ስትገቢ አየሁሽ፣ ዝም አልኩ። በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን ስታወሪ ይሰማል ሲሉኝ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ የሬሳ ልብስ? ሴትዮ፣ እኛ ምን እንበል?"

"ብቻዬን አይደለም የማወራው። ከድመቷ ጋር ነው።"

"እሱማ ይብስ!"

እትዬ ዕድላዊት ጋቢውን ወደ ሳፋው ወሰዱት። የወይንሐረግ ጫፉን ያዘች። እሳቸውም አልለቀቁም። አንድ ክር በጠስ ሲል ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ጎትታ አታውቅም፤ እጇ ከሷ ቀድሞ ለቀቀ።

"እትዬ፣ ለኔ ስጡኝ።"

ገርባ ነበር። መቼ ከኋላቸው እንደቆመ ማንም አላየም። ጋቢውን ከእትዬ ዕድላዊት እጅ ተቀብሎ ክንዱ ላይ አጣጠፈው። ወደ የወይንሐረግ ዞረ።

"አንዲት ድመት ናት አይደል የቀረችው?"

"አዎ።"

"ሳይመሽ መጥቼ እወስዳታለሁ። በእናቴ ለቅሶ ላይ ጭቅጭቅ አልፈልግም። በቃኝ።"

የወይንሐረግ ክፍሏ ገብታ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። የተጀመረ መጋረጃ አለ፣ አልነካችውም። የምታስበው ስለ ቤቱ ነበር፣ ገርባ አሁን አከራይዋ ነው፣ ነገ ልቀቂ ቢላት ይችላል። ከዚያ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ከጨርቁ ኋላ የአመድማዋ ጀርባ ይታያል፤ ስትተነፍስ ይነሣል፣ ቆይቶ ይወርዳል። ስለ ቤቱ ማሰቧን ተወችው። እሺ ብላቸው ነበር፤ ሴትዮዋ የሞቱት ያንን እሺ አምነው ነው።

ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ጣለ፣ ብርዱ ገባ። ገርባ በሩን ሲያንኳኳ ድንኳን ሲወጥር የራሰ ሸሚዙ ላይ የእናቱን ጋቢ ደርቦ ነው። በርዶት ያገኘውን ነው የለበሰው፣ ራሱም ልብ ያለው አይመስልም። በእጁ ጆንያ ይዟል። ጆንያው ሲንኮሻኮሽ መደርደሪያው ላይ ያለው ጀርባ ወደ ግድግዳው ተጣበቀ።

የወይንሐረግ ጆንያውን አላየችም፣ ጋቢውን ነው ያየችው።

"ጆንያውን ውጭ ተወው" አለችው። "ከዚያ ግባ።"

"ልወስዳት እኮ ነው የመጣሁት።"

"ትወስዳለህ፣ ማን ይከለክልሃል። መጀመሪያ ግን ተቀመጥ። አንድ መጋረጃ እስክዘመዝም ብቻ ተቀመጥ።"

ደክሞታል፣ ለዚያ ይሆናል እሺ ያለው። ጆንያውን ደጅ ጣለና ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጋቢው ወለሉ ድረስ ወረደ። የወይንሐረግ የሳንባውን ሳህን ከጋቢው ጫፍ አጠገብ አኖረችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

"ድምፁን ለምዳዋለች። አንተ ዓይኗን አትያት፣ መሬት እይ።"

መኪናው ዝግ ብሎ ይሄድ ጀመር። ገርባ መሬት መሬት እያየ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ።

"እናቴ ስትደውልልኝ ድመቶቹ ከኋላዋ ይጮኹ ነበር። እኔ መሪ ይዣለሁ፣ አይሰማኝም። 'አዮ፣ ዝም አሰኚያቸው፣ አንቺን አልሰማሽም' እላታለሁ። 'ዝም ካሉ ማን ያወራኛል?' ትለኛለች። እዘጋውና ነድቼ እሄዳለሁ።"

የወይንሐረግ መርገጫውን ረገጠች።

የጨርቅ ጥቅል ተንሸራተተ። ዳለቻ ከመደርደሪያው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ወለሉ ወረደች፤ እግሯ ሰውነቷን አልችል ብሎ መሀል ላይ ተቀመጠች። ገርባ አንገቱ ገተር ሲል የወይንሐረግ "መሬት!" አለችው፣ መልሶ ደፋ። ድመቷ ሆዷን ወለሉ ላይ እየጎተተች ጋቢው ጫፍ ደረሰች። አሸተተች። ብዙ አሸተተች፣ ዳር ዳሩን ተከትላ፣ እጥፋቱ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ። ፊቷን ካወጣች በኋላ ሳህኑን አገኘችው። መጀመሪያ ላሰች። ከዚያ ሳንባውን ስትቆርጥ የጥርሷ ድምፅ ተሰማ።

ገርባ አልተንቀሳቀሰም። ትከሻው ብቻ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከአገጩ ጠብታ ጋቢው ላይ ሲወድቅ ለመጥረግ እጁን አላነሣም፤ ድመቷ ትደነግጣለች ብሎ ነው። በልታ ስትጨርስ የጋቢው ጫፍ ሥር ራሷን አስገብታ በጫማው ላይ ተጋደመች።

ከድንኳኑ በኩል ጠሩት። "ገርባ! ቄሱ መጥተዋል! ገርባ!"

ቀና ብሎ የወይንሐረግን አየ። "እግሬ ላይ ተኝታለች" አላት፣ ድምፁ ጠፍቶ። "ምን ላድርግ?"

የወይንሐረግ መኪናዋን አቆመች። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ደጅ ወጣችና በሩን በቀስታ ገጠመችው። እትዬ ዕድላዊት ዝናቡ ውስጥ ቆመው በሩን በጥርጣሬ ያያሉ።

"የት ነው ልጁ? ምን እያደረገ ነው?"

"እያለቀሰ ነው" አለቻቸው የወይንሐረግ። "ትንሽ ይቆይ።"

እትዬ ዕድላዊት በሩን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቄሱን ሊያቆዩ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። የወይንሐረግ ደጅ የተጣለውን ጆንያ አነሣች፣ ውሃውን አራገፈች፣ ጠርዙን ገጠም አድርጋ አጣጠፈችው። የመጋረጃ ቁርጥራጭ ማስቀመጫ ይሆናታል።